ለሰዓዳ የፈጠርኩት ሰላምታ

ይህን ለእናቴም አልነገርኩ፣ ለባሌም አልነገርኩ። ሐጅ ደርሰው የመጡት አጎቴ «ልብሽ ላይ የከበደ ነገር አለ እንዴ?» ብለው ሲጠይቁኝ እንኳ «ኧረ ምንም የለ» ብዬ ሻይ ቀዳሁላቸው። ዛሬ ለእናንተ ለማታውቁኝ እናገራለሁ። የደፈርኩት ፊቴን ስለማታዩት ነው።

ሪያድ ሰው ቤት እሠራ ነበር፤ መንፉሐ በሚባለው ሰፈር ሐበሻ በታፈሰ በዓመቱ። ማዳሜ ክፉ አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ዛሬ በእሷ አሳብብ ነበር፤ እሱንም አጣሁ። ጁምዓ ከሰላት በኋላ ቤተሰቡ ምግብ ቤት ሲሄድ ልጆቹን እንድይዝ እኔንም ይወስዱኛል። ምግብ ቤቱ ለወንዶች አንድ በር፣ ለቤተሰብ ሌላ በር አለው። በቤተሰቡ በኩል ሁሉም በመጋረጃ ተከልሎ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። በትልቅ ትሪ ሩዝ በዶሮ ይመጣል፤ የሚያቃጥል የቲማቲም ስልስ፣ ለበን የሚሉት ቀዝቃዛ እርጎ። ማዳሜ ለእኔ ለብቻዬ አንድ ሳህን ታዝልኛለች። እኔ የሐይቅ ገጠር ልጅ፣ ጉልበቴን አጥፌ ተቀምጬ፣ አስተናጋጅ ጎንበስ ብሎ ሲያቀርብልኝ! ወላሂ ሳምንቱን ሙሉ የምኖረው ለዚያች ሳህን ነበር።

የማዳሜ እህትም ከነልጆቿ ትመጣለች። ሰዓዳ የእሷ ሠራተኛ ናት፤ የከሚሴ ልጅ፣ በሁለት ዓመት ብታንሰኝ ነው። ሰዓዳ ሳህን የላትም። ሕፃን ታቅፋ መጋረጃው ሥር ትቆማለች፣ ዓይኗ ትሪው ላይ። በልተው ከተረፈ ይሰጧታል፤ ካልተረፈ የለም። እኔ እያየኋት በላሁ። ለጠገበ ሰው የተራበ የሌለ ይመስለዋል ይባላል። እኔ እንዴት ይመስለኛል? ፊት ለፊቴ ቆማ!

የዐስር ሰላት አዛን ሲሰማ የምግብ ቤቱ በር ይቆለፋል። ውስጥ ያለ እዚያው ይቀራል፤ ሰላቱ እስኪያልቅ የሚገባም የሚወጣም የለም። ያኔ እኔና ሰዓዳ ልጆቹን ይዘን ወደ ሴቶች መታጠቢያ እንሄዳለን። ያቺ ሩብ ሰዓት የእኛ ናት። አንድ ጁምዓ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ፤ ከክርኗ እስከ ትከሻዋ በልዟል። ስልኳን ከወሰዱባት ዓመት አልፏታል።

«እህቴ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ለወንድሜ ደውይለት» አለችኝ። «ያለሁበትን አያውቅም። የላከኝን ደላላ ይያዝና ያስወጣኝ። እሱ ካላወጣኝ እዚሁ እሞታለሁ።»

ወረቀት የለ፣ እስክሪብቶ የለ። ቁጥሩን በቃሌ አስያዘችኝ። «ድገሚው» አለች፤ ደገምኩት። ሦስቴ አስደገመችኝና ግንባሬን ሳመችኝ።

ማዳሜ በወር አንዴ ስልኳን ትሰጠኛለች፣ ለአስር ደቂቃ፣ አጠገቤ ተቀምጣ። ከዚያች ጁምዓ በኋላ ስልኩ በእጄ ገባ። አስሩንም ደቂቃ ከእናቴ ጋር ጨረስኩት። ለሚመጣው ወር አልኩ። ደግሞም ፈራሁ። የእህቴን ቤት ጉድ አወጣሽ ብላ ጁምዓ ብታስቀረኝስ? ልናዘዝ ብዬ አይደል የጀመርኩት? ሳህኔን ፈራሁ። ሌላ ምንም አይደለም።

በቀጣዩ ጁምዓ በሩ እንደተቆለፈ ሰዓዳ ክንዴን ያዘችኝ። «ደወልሽ?»

«ደውያለሁ» አልኩ። ምነው ያኔ አፌ በታሰረ!

«ምን አለ?»

«አብሽሪ፣ ደላላውን እያፈላለገ ነው።»

«እማስ?»

«ሰላም ብላሻለች። ዓይኔ፣ ቻይው፣ አላህ ያውቃል በያት ብላኛለች።»

እናቷን አላውቃት። የራሴን እናት ቃል ነው አንስቼ የሰጠኋት። ሰዓዳ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፤ ቀጥላ ደግሞ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። ከዚያ በኋላ በየጁምዓው ሰላምታ ፈጠርኩ። ወንድሟ ደላላውን አገኘው አልኩ። እናቷ ዱዓ እያስደረገች ነው አልኩ። እኔ ዋሸሁ፣ እሷ አመነች፤ ከዚያ ተመልሼ ሄጄ በላሁ።

አሁን የምነግራችሁ ከሁሉም የባሰውን ነው። አንድ ጁምዓ መታጠቢያው ውስጥ የሌላ ቤተሰብ ሠራተኛ አገኘን፤ የጅማ ልጅ፣ ደፋር። የሰዓዳን ክንድ አይታ ጡት መያዣዋ ውስጥ የደበቀችውን ስልክ አወጣች።

«ቁጥር አለሽ? ያላ፣ አሁኑኑ ልደውልልሽ» አለቻት።

ሰዓዳ ወደ እኔ እየጠቆመች «አላህ ይስጥሽ እህቴ፣ ይቺ ጨርሳልኛለች» አለች። «ወንድሜ ነገሩን ይዞታል። ካርድሽን አትጨርሺ።»

ልጅቷ አየችኝ። ብትደውል ውሸቴ ይወጣል። ቧንቧውን ከፍቼ የታጠበውን የሕፃን እጅ መልሼ አጠብኩ። ስልኩ ወደ ደረቷ ተመለሰ። «አልደወልኩም» የምትል አንዲት ቃል ነበረች የጎደለችው። እሷን ነው ያልተናገርኩት።

ከሁለት ጁምዓ በኋላ ሰዓዳ ቀረች። ሹመይሲ ሆስፒታል ተኝታለች አለችኝ ማዳሜ። በሚቀጥለው ጁምዓ ሕፃኑን ይዛ መጋረጃው ሥር የቆመችው ሌላ ልጅ ናት፣ ኢንዶኔዥያዊት።

«ማዳም፣ ሰዓዳስ?» አልኩ።

«ኸላስ፣ ሞታለች። አላህ ይርሐማት» አለች። ሳህኔንም ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ብዪ፣ ይበርዳል።»

በላሁ። ማልቀስ ነበረብኝ፣ መጮህ ነበረብኝ፤ እኔ በላሁ። ሩዙንም በላሁ፣ ዶሮውንም በላሁ፣ ለበኑን ጠጣሁ። እንደሌላው ጁምዓ ጣፈጠኝ።

አገሬ ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን ደሴ ላይ ሆኜ ቁጥሩን መታሁት። ወንድሟን ጠብቄ ነበር። ያነሳችው አሮጊት ናት። እኔ ትንፍሽ ሳልል ከወዲያ «ሰዓዳ? አንቺ ነሽ?» አለች።

መሞቷን ማንም አልነገራቸውም። እኔም ዘጋሁት።

አውፍ በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ የበደልኳት ደግሞ አፈር ውስጥ ናት። ፈርቼ ነው፣ ልጅ ነበርኩ ብዬም አላመካኝም። የጅማዋ ልጅም እኩያዬ ነበረች።

ያ ቁጥር መልሶ ይደውልልኛል። አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴ በወር። ባሌ «ማን ነው?» ሲለኝ «ተሳስቶ ነው» እለዋለሁ። ጠርቶ ጠርቶ ዝም እስኪል እጠብቃለሁ፤ አንድም ቀን አላነሳሁትም።