ባትሪው ያለቀባቸው ሽማግሌ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ቤቴ የመጡበት ቀን ነበር። እንዲህ ያለውን ቀን ማንም አባት አይረሳውም። እኔ የማስታውሰው ግን በደስታ ሳይሆን በንዴት ነው። ንዴቱም እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም።

የምኖረው ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ ሕፃን ነበርኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድኩት የእህል ጆንያ ላይ ከተጻፈውና ሰው አንብቦ ከጣለው ጋዜጣ ነው። አናጢነቱንም ያስተማረኝ የለም። ሌላው ሲሠራ እያየሁ፣ ጣቴን በመዶሻ እየቀጠቀጥኩ ያገኘሁት ነው። ይህን የምጽፈው ልኩራራ ብዬ አይደለም። ሰው የሚናገረውን ከራሱ አፍ እንዲያወጣ ለምን አጥብቄ እንደምፈልግ እንዲገባችሁ ነው።

ልጄ ዘይነባ ባምባሲ ታስተምራለች። የጠየቃት ልጅ ሙስጠፋ ይባላል፤ የበርታ ልጅ ነው፣ አሶሳ ውስጥ ሞባይል ይሸጣል፣ ይጠግናል። ወገኑን ጠልቼ አይደለም። ጎረቤቶቼ በርታዎች ናቸው፣ አብረን አርሰናል፣ አብረን ቀብረናል። ያልወደድኩት ልጁን ራሱን ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ልጄን እንደሚፈልግ ሳላውቅ፣ ቻርጀር ልገዛ ሱቁ ገብቼ ነበር። እኔ ስናገር እሱ ክንዱ ላይ ያለችውን ጥቁር ሰዓት ያያል። ስማርት ሰዓት ናት አለኝ። መልእክት ታሳያለች፣ የልብ ምት ትቆጥራለች፣ አማርኛም ይነበብባታል።

«ስንት ሰዓት እንደሆነስ ትናገራለች?» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው በጠዋት መጡ። መሪያቸው የሙስጠፋ አጎት አቶ ኸሚስ ነበሩ፤ ድሮ በቀበሌ ያገለገሉ፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። እንደ ወጉ በር ላይ ቆመው ጠበቁ። እኔም እንደ ወጉ ቶሎ ግቡ አላልኩም። በኋላ በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸው። ባለቤቴ ውሃ አቀረበች፤ አልነኩትም። መልስ ሳያገኙ ምንም አይቀምሱም።

አቶ ኸሚስን ከገበያ አውቃቸዋለሁ። አማርኛቸው አጭርና ቀጥተኛ ነው። ሴቷንም ወንዱንም እንደ ወንድ ይጠሯቸዋል፤ ሆኖም የሚሉት ጠፍቶኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን አፋቸውን ሲከፍቱ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ሆኑብኝ።

«የመጣነው በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ዘላቂ የሆነ ዝምድና ለመመሥረት ነው» አሉ።

ከዚያ ክንዳቸውን አዩ።

«ልጃችን በሥነ ምግባሩ የተመሰገነ፣ በሥራውም ታታሪ ወጣት ነው።»

አሁንም ክንዳቸውን አዩ። ልጅ ሊጠይቅ የተቀመጠ ሽማግሌ ሰዓት ሲያይ፣ የቤቱን ባለቤት «ሌላ ጉዳይ አለብኝ፣ ቶሎ በል» ማለቱ ነው። ደሜ ፈላ።

«አቶ ኸሚስ፣ የሚሄዱበት አለ እንዴ?»

«የለም፣ የለም» አሉ። ይህቺ የራሳቸው አማርኛ ነበረች። ወዲያው ክንዳቸው ላይ ያለው ነገር ነዘረ። አዩትና በዚያው በሬዲዮው ድምፅ፣ «ባትሪው እያለቀ ነው፣ ቶሎ ይጨርሱ» አሉ።

አንደኛው ሽማግሌ በጥምጣሙ ጫፍ አፉን ሸፈነ።

«የማን ባትሪ ነው የሚያልቀው?» አልኩ።

ያኔ ሰዓቷን አወቅኋት። ሱቅ ውስጥ ያየኋት ያቺው ጥቁር ሰዓት ናት። ወደ አጥሩ ዘወር ስል ከጀርባው፣ ከማንጎው ሥር፣ ነጭ ሸሚዝ ታየኝ። ሽማግሌ የላከ ልጅ ቤቱ ተቀምጦ መልሱን ይጠብቃል። ይሄኛው አጥሬ ሥር ተደብቆ የምንለውን እየሰማ፣ ለአጎቱ የሚናገሩትን ይጽፍላቸዋል። በኋላ እንደተነገረኝ ከሰዓቷ ጋር የተያያዘውን አንዱን ስልኩን አጎቱ ኪስ ውስጥ ከቶ፣ በሌላኛው ስልክ ነበር የሚልከው። የላከው ሁሉ ሰዓቷ ላይ ይወጣል።

በዚያችው ደቂቃ ላባርራቸው እችል ነበር። ዘይነባ ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ ታየኛለች። ዓይኗን አይቼ ተቀመጥኩ። ግን ነገሩን አልተውኩትም። ባትሪው የሚያልቅ ከሆነ ይለቅ አልኩ በልቤ። አሶሳ ከትናንት ጀምሮ መብራት እንደሌለ አውቃለሁ፤ ሰዓቷ ቻርጅ ጠግባ እንዳልመጣች ገመትኩ። ስለዚህ ስለ ዝናቡ ጠየቅኳቸው። ስለ ማሽላው ጠየቅኳቸው። ስለ ከብቶቻቸው፣ ስለ ካማሺ መንገድ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጠየቅኳቸው። አቶ ኸሚስ ስለ ከብቶቻቸው በራሳቸው አማርኛ ሲመልሱ ፊታቸው ፈታ ይላል፤ ሰዓቷ ስትነዝር መልሰው ይጨነቃሉ።

ከዚያ የምፈልገውን ጠየቅኩ።

«ልጄን የት ነው የሚያኖራት?»

የመጡበት ጉዳይ የሚያልቀው በዚህች ጥያቄ ነበር። አናጢ ነኝ። ሥራ ፍለጋ በየቤቱ ስዞር፣ በችኮላ ተጋብተው በየኪራይ ክፍሉ የሚንከራተቱ፣ በሰው ግቢ ልጅ አታልቅስ እየተባሉ የሚኖሩ ብዙ አይቻለሁ። ቤት ካለው እሺ፣ ከሌለው እምቢ ልል ቆርጬ ነበር።

ክንዳቸው ነዘረ። አነበቡ።

«ቤቱ በአሶሳ ከተማ የተሠራ ሲሆን፣ ጣሪያውም ሙሉ በሙሉ...»

እዚያ ላይ አቋረጡ። ክንዳቸውን ነቀነቁ። በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ሰዓቷ ጨልማለች።

«ሙሉ በሙሉ ምን?» አልኩ።

አጥሩ ጋ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። አቶ ኸሚስ ሰዓቷን ከክንዳቸው ፈትተው ካልተነካው ውሃ አጠገብ አስቀመጧት።

«ሰይድ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ይሄን ዕቃ አይደለሁም» አሉ። «ወላሂ ጣሪያ የለም። ግድግዳ አለ። ጭቃ አለ። ቆርቆሮ ግማሽ ተገዛ፣ ግማሽ ቀረ።»

«ታዲያ አለ ሊሉኝ ነበር?»

«እሱ ጻፈ፣ እኔ አነበብኩ። ውሸት መሆኑ አፌ ላይ ሲደርስ ነው የገባኝ።» ሰዓቷን በጣታቸው ገፋ አደረጓት። «ይሄ ሰዓት በሽተኛ ነው። ጠዋት ይጠግባል፣ ቀትር ይሞታል። ቀይር አልነው። ሱቁ ውስጥ አዲስ መጣ፤ ሳምንት ሙሉ ባትሪ አያልቅም። አንድ ቀን አሰረው። ከዚያ ፈታው፣ ለሰው ሸጠው። መጀመሪያ ቆርቆሮ ይገዛ አለ። ልጅህ ዝናብ እንዳይመታው አለ።»

ከጓዳው በር ጀርባ የዘይነባን ትንፋሽ ሰማሁ።

ተነሥቼ ወደ አጥሩ ጠጋ አልኩ። «አንተ፣ ከማንጎው ሥር ያለኸው፣ ና ግባ።»

ገባ። ስልኩ እጁ ላይ ነው፤ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶታል።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታውን አጎትህን ጠይቅ። በዚህ ዕድሜያቸው የአንተን ውሸት አስነበብካቸው። አሁን በራስህ አፍ ንገረኝ። ጣሪያ አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ለምን አለኝ አልክ?»

«እምቢ እንዳይሉኝ ፈርቼ።»

«እምቢ እል ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው። እሱ ራሱ መጥቶ ጣሪያ የለኝም ቢለኝ ኖሮ እምቢ እለው ነበር። ይህን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ነገር ግን አዲሱን ሰዓት አስሮ የፈታው ማንም ሳያስገድደው ነው፤ ይህንንም ሰምቼ እንዳልሰማሁ መሆን አልቻልኩም። ውሸቱና ቆርቆሮው ከአንድ ሰው ወጥተዋል። የትኛውን ይዤ እንደምፈርድ ቸገረኝ።

በመጨረሻ ለአቶ ኸሚስ እንዲህ አልኳቸው፤ «ቆርቆሮው ተመትቶ ሲያልቅ ተመለሱ። እርስዎ ይምጡ። ሰዓቷ አትምጣ። አሁን ውሃውን ይጠጡ።»

ጠጡ። ውሃው ሲጠጣ መልሱ እምቢ አለመሆኑ ለሁሉም ገባው። ሙስጠፋ ብርጭቆ ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ግን አየሁት፤ መልሶ ሰበሰበው።

ክረምቱ ሳይጠነክር የቀረው ቆርቆሮ ተገኘ። መዶሻዬን ይዤ አሶሳ ሄድኩ። እኔ ጣሪያው ላይ፣ እሱ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሚስማር እያቀበለኝ፣ «አቀብል» እና «እንካ» ብቻ ስንባባል ዋልን። ሰዎች አማችህን ረዳኸው ይሉኛል። እሱን አልረዳሁም። የመታሁት የልጄን ጣሪያ ነው።

አዝመራው ሲገባ ተጋቡ። በቅርቡ ሊጠይቁን መጥተው ሳለ ዘይነባ የሰዓቷን ነገር አነሣች።

«አባዬ፣ ቀይራት በለው እስቲ። ሳይመሽ ትጠፋለች። እኔ እንኳ ቻርጅ ማድረግ ሰለቸኝ። አሁን እኮ ጣሪያ አለን።»

ሙስጠፋ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው አየኝ።

«ያቺ ሰዓት ያን ቀን አዲስ ብትሆን ኖሮ» አልኩት፣ «እሺ እልህ ነበር፤ ጣሪያ የሌለውን ቤት ሳይ ደግሞ ልጄን ይዤ እመለስ ነበር። መቀየር አለመቀየሩን አንተ ታውቃለህ።»

«አባዬ፣ ዓመት አለፈው እኮ» አለች ዘይነባ፣ ተቀይማ።

ማለፉን አውቃለሁ። ሙስጠፋ ልጄን አላስከፋትም። ስጠይቀው በራሱ አፍ፣ ቃላቱን እየመረጠ ይመልስልኛል። አቶ ኸሚስም ወዳጄ ሆነዋል፤ ገበያ ስንገናኝ ክንዳቸውን ገልጠው ባዶ መሆኑን ያሳዩኛል፣ እንስቃለን። ከልጁ ጋር ግን እስካሁን አልሳቅሁም። ሽማግሌ ክንድ ላይ ውሸት የጻፈ እጅ ነውና ዓይኔን ከእጁ ላይ አላነሣም።

ሰዓቷን እስከ ዛሬ አልቀየራትም። ቤቴ ሲገባ እጅጌውን ወደ ታች ጎትቶ ይሸፍናታል። እኔም ተወው አልለውም።