ባሌ ጋኔን የሆነበት ጨዋታ

ባሌ የሚሠራው አውቶቡስ ጣቢያ ማይክራፎን ላይ ነው። «ተሳፋሪዎች፣ ወደ አራተኛው በር» ሲል መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ፈጣሪ ለሦስት ሰው ያሰበውን ድምፅ ለሱ ብቻ ሰጥቶታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጽሐፍ የሚያነበውም እሱ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ከዚያች ንባብ ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም፤ በኔም ቢሆን እንደዚያ ሲኮራ አላየሁትም።

ጣጣ ያመጣብንም ይኸው ድምፁ ነው። የቪዲዮ ጌም የሚሠሩ ወጣቶች ጣቢያው ውስጥ ሰምተውት «ጋሼ፣ ጋኔን ይሁኑልን» አሉት። እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው፣ ሄደላቸው። ጨዋታው የተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው አሉ። ጋኔኑ መስቀሉን ዘቅዝቆ፣ መንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ የገባውን ሁሉ በመጥረቢያ ይከትፋል። ተጫዋቹ ደግሞ እሱን በጥይት ይቆላዋል። «አንተን እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ?» ስለው፣ «ጋኔኑ እኮ መጨረሻ ላይ ይሸነፋል» አይለኝ መሰላችሁ። እስቲ እግዜር ያሳያችሁ።

የጻፉለት ቃል ግን ፈጣሪን የሚሰድብ ነበር። ያንን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልናገርም አለ፤ እዚህ ላይ አልወቅሰውም። «እንግዲያው ይቆጡና የመጣልዎትን ይጩሁ፤ ድምፁን ስለምናወፍረው ቃሉን ማንም አይለየውም» አሉት።

ቃሉን ባይለዩት ድምፁን ለዩት። ጨዋታው ከወጣ በኋላ ምእመናኑ ማጉረምረም ጀመሩ፤ የልጆቻችን ጋኔን በአንባቢያችን ድምፅ ነው የሚያገሳው አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ከንባብ ሊያወርዱት ጠሩት። የተጠራ ቀን ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ሲወጣ አይቼ፣ ይሄ ሰው ብቻውን አይሄድም ብዬ ተከተልኩት።

ቄሱ ጨዋታው ያለበትን ስልክ ጠረጴዛ ላይ አድርገው ከፈቱት። ጋኔኑ ከመንበሩ ተነሥቶ አገሳ።

«በሩን ማነው ክፍት የተወው? እዚህ ቤት ዓይን ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ? እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ! ዛሬም አልጋ ላይ! አትስማኝ፣ እሺ፣ አትስማኝ!»

ክው አልኩ። ድምፁ የባሌ ነው። ቃሉ ግን የኔ ነው፤ አንድም ሳይቀር ከአፌ የወጣ።

ባሌ መሬት መሬት ያያል። አንደኛው ሽማግሌ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። ቄሱ በደንብ ልስማው ብለው ደገሙት፤ ምነው ባይደግሙት።

«ክህደትም ስድብም የለበትም» አሉ በመጨረሻ። «ይህንንማ እኔም ቤቴ በየቀኑ እሰማዋለሁ።»

ንባቡን እንዲቀጥል ተወሰነለት። ሁሉም ተነሥቶ እሱን ጨበጠው። እኔን የጨበጠኝ የለም።

መንገድ ላይ ጥርሴን ነክሼ ልሄድ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። «አንተስ ተገላገልክ። እኔን ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በጥይት እየቆላኝ ነው። ከሰው ሁሉ ቁጣ የኔን መረጥክ?»

ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ በሹክሹክታ መለሰልኝ። «ተቆጣ አሉኝ። እኔ መቆጣት የት አውቃለሁ? የማውቀው ያንቺን ብቻ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ መልሶ ጮኾብኝ አያውቅም። እሱ ዝም ባለ ቁጥር ለሁለታችንም እኔ ስጮህ ኖሬ፣ ይኸው ለጋኔንነት በቃሁ።