ንዴቴ ያነሳቸው ፎቶዎች

ባሌ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የሰፈሩ ውሃ ሁሉ በእሱ እጅ ልክ ይገባል፤ የእኛ ኩሽና ቧንቧ ግን ይኸው ዛሬም ጠብ ጠብ ይላል። ባሌ በእረፍት ቀኑ ቧንቧ አይነካማ። በእረፍት ቀኑ የሰው ፊት ያነሳል።

ካሜራውን የገዛው ከአንድ ደንበኛው ላይ ነው፣ አሮጌ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ካነሳቸው ሰዎች ግማሾቹ ግንባር የላቸውም፤ የቀሩት ከሰል ውስጥ የተደበቁ ይመስላሉ። እኔም ወረት ነው፣ ይለቀዋል ብዬ ቻልኩት። አልለቀቀውም። ስልኩ ላይ ትምህርት እያየ ጥላ የት እንደሚወድቅ ተማረ። መስኮቱ ሥር የነበረውን ሶፋ አስነስቶ በርጩማ አስቀመጠበት፤ እናቴ የሰጠችኝን ነጭ አንሶላ ጫፉ ወለሉ ላይ እስኪተኛ ግድግዳው ላይ ቸነከረው። በምስማር። ከፍሪጅ ካርቶን የወጣውን ነጭ ፎም ደግሞ ለእኔ አሸከመኝ፤ የመስኮቱን ብርሃን ወደ ተቀማጩ ጉንጭ የምመልሰው እኔ ነኝ። ክንዴ ዝሎ ትንሽ ዝቅ ካደረግኩት፣ አፍንጫው ጠቆረ ይለኛል።

እሺ ብርሃኑን ተማረ፤ ሰውን ግን ምን ያድርገው? ሰው በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ይሆናል። ሲለፈልፍ የሚውለው ፀጉር አስተካካይ ካሜራውን ሲያይ ትንፋሹን ውጦ ዓይኑን አፈጠጠ። ባንክ ቤት የምትሠራው ጎረቤታችን የመሥሪያ ቤቷን ፈገግታ ይዛ መጣችና አልወልቅ አላት። ሳቂታው የምንለው መካኒክ ሳይቀር ጥርሱን ደበቀ። ባሌ ራት ላይ ፎቶዎቹን እያገላበጠ ይፈላሰፋል። ሰው ካሜራ ፊት የሚያወጣው ፊት ለእንግዳ እንደሚወጣ ብርጭቆ ነው፤ እኔ የምፈልገው በየቀኑ የሚጠጣበትን ነው ይላል። አባባሉ ጥሩ ነው፤ ብርጭቆዎቹን የማጥበው ግን እኔ ነኝ።

በኋላ ግን ፎቶዎቹ ያምሩ ጀመር። ሰዎቹ ዘና ብለዋል፣ ዓይናቸው ይስቃል። ገርሞኝ ደጋግሜ ሳያቸው ሁሉም የሚያዩት ካሜራውን ሳይሆን ወደ ጎን ነው። ወደ ፎሙ፤ ማለትም ወደ እኔ። ያኔ ነገሩ ተገለጠልኝ። ፀጉር አስተካካዩ ዳግመኛ የመጣ ዕለት ባሌ በጭቃ ጫማው አንሶላዬን ረግጦታል። ባንክ ሠራተኛዋ ስትመጣ ደግሞ ስለ ቧንቧው "ነገ እሠራዋለሁ" ብሎኛል፣ ያውም እየሳቀ። እኔ ደሜ ፈልቶ ስናገር ተቀማጩ ካሜራውን ረስቶ ይስቃል፤ ባሌም ቀስ ብሎ ካሜራውን ይጫናል። ሰውዬው ሆን ብሎ ነው ለካ የሚያናድደኝ። ስጠይቀው አልካደም። "አንቺ ስትቆጪ ሰው የገዛ ቤቱ ያለ ይመስለዋል" አለኝ። እርር ድብን አልኩ። ሁለተኛ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም ብዬ ማልኩ።

መሐላዬ ሳይቀዘቅዝ አባቴ ሊመጡ ነው ተባለ።

አባቴ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ናቸው። ሳናስፈቅዳቸው ስለተጋባን ባሌን ዓይኑን ማየት አይፈልጉም። ስሙን ጠርተው አያውቁም። ሲደውሉ "ያ ሰውዬ አለ?" ይሉኛል፤ አለ ካልኳቸው አይመጡም። የምወዳቸውን ሁለት ሰዎች በየተራ ማየት አንገሽግሾኛል። አሁን የሚመጡት ለጡረታ መታወቂያቸው ፎቶ ፈልገው ነው። ፎቶ ቤት ያነሷቸውን አይተው፣ ፊቴን እንደ ግድግዳ ቀለም ቀቡት ብለው ጥለውላቸው ወጥተዋል። ባሌ ይህን ሲሰማ ሌንሱን ሲወለውል ዋለ። እኔም ሥራውን ሲያዩ ምናልባት ልባቸው ይራራ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

መጡ። በርጩማው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን አጨፈገጉ። ባሌ "አባባ፣ ትንሽ ወደ መስኮቱ ዞር ይበሉልኝ" ሲላቸው ወደ እኔ ዞረው ምንድነው የሚለው ይሉኛል። እኔ አስተረጉማለሁ፣ ከአማርኛ ወደ አማርኛ። ባሌ አነሳ፣ ደግሞ አነሳ፤ የሚወጣው ግን አርፋጅ ተማሪ በር ላይ የሚጠብቅ ዲሬክተር ብቻ ነው።

ላብ አጠመቀው። ዓይኑ ይለምነኝ ጀመር። ጫማውን ቀስ አድርጎ የአንሶላው ጫፍ ላይ አሳረፈ፤ አየሁት፣ አፌን ለጎምኩ። አባቴ ፊት ባሌን ላዋርደው? "አላልኩሽም?" እንዲሉኝ? ሞቼ ነው። ግን ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የካሜራውን ማቆሚያ ገጨው፤ ማቆሚያው የአበባ ማስቀመጫዬን ጣለው፤ ውሃው አንሶላዬ ላይ ተደፋ። ይኼኛው ሆን ተብሎ አልነበረም፣ ራሱም ደንግጦ ክው ብሏል። እኔም መሐላዬን ረሳሁት።

ከአንሶላው ጀመርኩ፣ ሶፋውን አነሳሁ፣ ቧንቧው ጋ ስደርስ ድምፄ ጎረቤት ይሰማ ነበር። የሰው ቤት ውሃ ሲያቆም እየዋለ የራሱ ቤት ሰው በጠብታ እንደሚያብድ ነገርኩት። ባሌ አንገቱን ደፋ። የአባቴ ትከሻ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለካ እየሳቁ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ቁርጥ እናትሽን ሆንሽ እኮ" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። ከዚያ በእጃቸው ወደ ባሌ አመለከቱ። "በይ አሁን ልጄን ተይልኝ፤ ሥራውን ይሥራበት።"

ልጄ ያሉት እኔን አይደለም፣ እሱን ነው። ፊታቸው ተፈትቶ፣ የጎደለ ጥርሳቸው ሳይቀር እየታየ፣ የመስኮቱ ብርሃን ጉንጫቸው ላይ አርፎ ባሌን ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ባሌ ሲያሳድደው የኖረው ፊት ይኸው ነበር፤ ያውም የሚያየው እኔን ሳይሆን እሱን ራሱን።

"አነሳኸው?" አልኩት በሹክሹክታ።

ካሜራውን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። ዓይኑ ርሷል። "ረሳሁት" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን አልጽፈውም። አባቴ ተይው አልኩሽ እኮ እያሉ ሲስቁ ነበር። መታወቂያቸው ላይ የተለጠፈው ያው አርፋጅ የሚጠብቀው ፊት ነው፤ ሌላ የለንም። አሁን ሲደውሉ "ልጄ አለ?" ይሉኛል። የለም ካልኳቸው አይመጡም።