ባለሦስት እግሩ ፎቶ አንሺ

የጋዜጣው የስፖርት ፎቶ አንሺ ዕድሜው ሃምሳ አንድ ነው። በየቅዳሜው ባለሦስት እግር የካሜራ መቆሚያውን ከሜዳው ዳር ይተክልና ንቅንቅ አይልም። ግብ ሲቆጠር እሱ ገና ካሜራውን ለማዞር የመቆሚያውን ብሎን እያላላ ስለሚሆን፣ ለአንባቢ የሚተርፈው የተጫዋቾች ጀርባ ብቻ ነው።

በቅርቡ አለቃው ታከታት። «ጋሼ፣ የግብ ፎቶ ካላመጡ ቦታዎን ለሌላ እሰጣለሁ። ባለአንድ እግሩን መቆሚያ ይያዙ፤ እሱ ከኳሱ ጋር ይዞራል።»

«በአንድ ጉልቻ ድስት ይጣዳል እንዴ፣ ልጄ?»

«ድስት ማን ይጣዱ አለዎት? የሚሮጥ ሰው ያንሱ ነው ያልኩት።»

ክብር በእግር ብዛት ቢሆን ኖሮ ሸረሪት በነገሠች ነበር፤ እሱ ግን ባለአንድ እግሩን መያዝ ከማዕረግ መውረድ መሰለው። በዚሁ ሳምንት ቁርጡን ወሰነ፤ መቆሚያውን ሳይሆን ስፖርቱን ቀየረ። ተጫዋቾቹ ከወንበራቸው የማይነሡበትን የቼዝ ውድድር እንዲያነሣ ይመደብ ዘንድ ጠየቀ።