አረቄ የሚሸት ኮት

አባቴ በሰፈራችን የሚታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በልብስ ስፌቱና በስካሩ። የስፌት መኪናው ኮልፌ ገበያ ጀርባ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ትቀመጥ ነበር። ስካሩ ግን ቋሚ ቦታ አልነበረውም። እግሮቹን አራርቆ፣ አንድ እጁን የሰው አጥር ላይ እያሳረፈ፣ ወደ ግራ ሊወድቅ ሲል ወደ ቀኝ እየተቃና ሰፈሩን ሁሉ ይዞረው ነበር። ኮቱ አረቄ አረቄ ይሸታል። ቃላቱ ይጎተታሉ። ልጆች ከኋላው ተሰልፈው አካሄዱን ይቀዱታል፤ እኔ እነሱን በድንጋይ አባርርና ቤት ገብቼ እሱን አኮርፋለሁ።

ሰፈራችን ለሰካራም አዛኝ ነው። ይህን የምለው ለማድነቅ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ሰካራም ሲወድቅ ያነሱታል፣ አቧራውን ያራግፉለታል፣ ቤቱ ድረስ ይሸኙታል። «ምን ያድርግ፣ ልማድ ሆኖበት ነው» ይላሉ። ጠጥቶ ነው ከተባለ ሌላ ጥያቄ የለም። ሰካራም ልጁን ሲድርም ዘርህ ምንድን ነው የሚለው አይኖርም፤ ለሠርጉ ዕለት ጠርሙሱን ይደብቁበታል፣ በቃ።

እየቆየ እግሩ የመኪናዋን መርገጫ መከተል አቃተው። ክሩ ይጠላለፍበታል፣ መርፌው ጣቱን ይወጋዋል። በኋላ ማንኪያውም አፉን መሳት ጀመረ። በመጨረሻ አልጋ ላይ ዋለ። አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ አረቄ ያመጣለት ሰው አልነበረም፤ ምላሱ ግን እንደ ድሮው ይጎተት ነበር። ይህን ያኔ ልብ ያለው የለም። ሲሞት ድንኳኑ ውስጥ «አረቄ ጨረሰው» ተባለ። እናቴ ሰምታ አንገቷን ደፋች።

አሁን የምሠራው በዘር የሚተላለፉ በሽታዎች በሚጠኑበት አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሥራዬ ከደም ዲኤንኤ ማውጣትና ለዓይን እንኳ የማይሞላ ጠብታ ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። እናቴ ለጎረቤት «ደም ትመረምራለች» ትላለች፤ አልዋሸችም። ከጥናቶቻችን አንዱ ሰውነት ሚዛኑን ስለሚያጣበት በሽታ ነው፤ ሐኪሞቹ አታክሲያ ይሉታል። ዲኤንኤያችን ላይ አንድ ቦታ ሦስት ፊደላት ይደጋገማሉ። የሁላችንም ይደጋገማል፣ ችግር የለውም። በአንዳንድ ቤተሰብ ግን ድግግሞሹ ከልክ ያልፋል። ያኔ የሚሠራው ፕሮቲን ይረዝምና በወጉ መታጠፍ ያቅተዋል፤ ሕዋሱ ውስጥ እየተቋጠረ ይከማቻል። ከአንጎላችን በስተኋላ እርምጃችንን የሚያስተካክሉልን ሕዋሳት አንድ በአንድ ይሞታሉ። አለቃዬ ይህን መጀመሪያ ሲያስረዱኝ የታየችኝ የአባቴ መኪና ናት። ጨርቁ አልሄድ ብሎ መርፌው አንዱን ቦታ ደጋግሞ ሲወጋ ከላይ ምንም አይታይም፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ግን ክሩ ከሥር ተቋጥሮ ጉብ ብሏል። የታየችኝ መኪናዋ ናት እንጂ አባቴ አልነበረም።

እሱን ያየሁት ሌላ ቀን ነው። የበሩ ጥበቃ ደወለና «አንድ ሰካራም እዚህ መጥቶ ቀጠሮ አለኝ እያለ ያስቸግረኛል» አለኝ። ወረድኩ። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ጎልማሳ የግንቡን ጠርዝ ጨብጦ ቆሟል።

«ይቅርታ እህቴ፣ ጠጥቼ አይደለም» አለኝ። ይህን ለብዙ ሰው ደጋግሞ እንደተናገረ ያስታውቃል።

ክንዱን ይዤ ኮሪደሩን ስናቋርጥ እግሮቹን አየሁ። አራርቆ ነው የሚራመደው፤ ወደ ግራ ሊወድቅ ሲል ወደ ቀኝ ይቃናል። እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው። የዚያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

ነገሩን ለአለቃዬ ነገርኳቸው። ቤተሰባችን ጥናቱ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ የእኛን ናሙና የሚነካው ሌላ ሰው ሆነ። ነርሷ እናቴን አስቀምጣ ስለ አባቴ ዘመዶች ጠየቀቻት፤ ማን ታመመ፣ ማን በምን ሞተ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ቀና ብላ ተቀመጠችና ሰባት ቤት መቁጠር ጀመረች። ጥያቄው ለበሽታ እንደሆነ ተነግሯታል። ግን ዘር ቁጠሪ የተባለች የእሷ ዘመን ሴት የምታውቀው አቆጣጠር አንድ ነው፤ የጋብቻው። አያቱ ቄስ፣ ቅድመ አያቱ ባለ ርስት፣ ሁሉም ደህና፣ ሁሉም ዕድሜ ጠግበው የሞቱ። በሁለት ዱላ የምትሄደው፣ ልክፍት ነው ተብላ ጸበል ለጸበል የዞረችው የአባቴ እህት እንኳ «ደኅና ሴት ነበረች» ተባለች። ነርሷ የቤተሰባችንን ሐረግ ወረቀት ላይ ስላ ስትጨርስ በዘራችን አንድም የተንገዳገደ ሰው አልነበረም። አባቴም በመጠጥ የሞተ ጤነኛ ሆነ።

ማታ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ አባዬ ይጠጣ ነበር?»

እጇ ቆመ። «አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ አንድ መለኪያ አልጨረሰም» አለችኝ።

«ታዲያ ኮቱ?»

«የእህቱን ነገር አይቷል። ያ ነገር በዘር ነው ተብሎ ያገባት የለም፤ ጓዳ ውስጥ ነው ያረጀችው። የሱም እግር የከዳው ሰሞን ‹ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ› አለኝ። ከዚያ አረቄ ቤት መግባት ጀመረ። አፉን ይጉመጠመጥና ይተፋዋል። የቀረውን ኮቱ ላይ ያፈሰዋል።» ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። «የሰው አፍ እሱን እንዲበላና እናንተን እንዲተዋችሁ ነው።»

የተሰማኝን ልናገር። ንዴት ነው። በማን ላይ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ለታናሽ እህቴ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ሳንሱሲ የሚኖር እጮኛ አላት። አብረን ደም ሰጠን፤ ውጤቱን ለየብቻችን ተቀበልን። እሷ የለባትም። እኔ አለብኝ። የታመመ ወላጅ ልጅ ወይ ይወርሳል ወይ አይወርስም፤ መሃል የሚባል ነገር የለውም። ለእህቴ ከልቤ ደስ አለኝ፤ ለራሴ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ «መድኃኒቱስ?» አለችኝ። «እየተጠና ነው» አልኳት። ለበሽተኞቻችን በየቀኑ የምለው ይህንኑ ነው፤ ስለ ራሴ ስለው ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

የእጮኛዋ ሽማግሎች እንደሚመጡ ሲነገረን ወረቀቱን እናሳያቸው ብዬ ነበር። የእህቴ ደም ነጻ ነው፤ የተጻፈ ማስረጃ አለ።

«ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰማሽም?» አለች እናቴ። «እነሱ የሚቆጥሩት ቤት ነው፤ ላቦራቶሪ አይቆጥሩም። ሠርጉ እስኪያልፍ ገመናችን እዚሁ ይቅር።»

እህቴ ከንፈሯን ነከሰች። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።

በሽታው ግን ሠርጉን አልጠበቀም። መጀመሪያ የሳተው እጄ ነው። ጠብታው ከቱቦው አፍ ውጭ ማረፍ ጀመረ፤ አለቃዬ ምንም ሳይሉ ናሙና ወደ መመዝገብ አዛወሩኝ። ቀጥሎ አንድ ጠዋት ጦር ኃይሎች ከታክሲ ስወርድ መሬቱን ካሰብኩት ቦታ አጣሁትና በጉልበቴ ወደቅሁ። ያነሳችኝ የጎረቤታችን ሴትዮ ናት። ደግ ናት፣ ወሬዋም እንደ ደግነቷ ብዙ ነው። ማታ ለእናቴ «ልጅሽ ምን ሆናለች? አረማመዷ ልክ እንደ አባቷ ሆነብኝ እኮ» አለቻት። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ አመድ መስሏል። ሽማግሎቹ ሊመጡ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው።

እናቴ አድርጊው አላለችኝም። ይህን ለእሷ ስል እጽፈዋለሁ።

አረቄ ቤቷ አሁንም አለች። ባለቤቷ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ግን ይለያል። አንድ መለኪያ ስላቸው ትክ ብለው አዩኝ።

«ለሚጠጣ ነው ወይስ እንደ አባትሽ?»

ለካ እሳቸውም ያውቁ ኖሯል። «እንደ አባቴ» አልኩ። በትንሽ ብልቃጥ ቀዱልኝና ወደ ጓዳ ገቡ፤ አልተሰናበቱኝም።

እሁድ ጠዋት ባኞ ቤት ዘግቼ ተጉመጠመጥኩና ተፋሁት። አፌን አቃጠለኝ። የቀረውን ኮሌታዬና ኮቴ ላይ አፈሰስኩት። መስታወቱ ውስጥ ሰካራም ሴት ቆማለች። ወንድ ሰካራም ይታዘንለታል፤ ሴት ሰካራም ምን እንደምትባል ጠፍቶኝ አይደለም። ብቻ የሰው አፍ እህቴን ይተዋታል አልኩ።

ሽማግሎቹ ሦስት ነበሩ። እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ጥቂት ቆሙ፤ የእናቴ ወንድም ስለ አባት ሆኖ አስቀመጣቸው። እህቴ እንደ ወጉ ጓዳ ናት። ንግግሩ ደህና እየሄደ ሳለ ለስላሳ በትሪ ይዤ ገባሁ። ትሪው ዘመመ፤ አንዱ ጠርሙስ ሽማግሌው እግር ሥር ተሰበረ። አጎንብሼ ላነሳ ስል ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሽታው ቤቱን ሞላው።

ትልቁ ሽማግሌ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «በጠዋቱ?» አሉ።

እናቴ አንገቷን ደፋች። «ምን ላድርጋት አባቴ፣ የአባቷ ልጅ ናት» አለች። አልተንተባተበችም። ስንት ዓመት ያለችው ነገር ነው። ሽማግሎቹ አዘኑላት፤ አንዱማ ከንፈሩን መጠጠ። ተሳክቶልን ነበር።

የጓዳው መጋረጃ ተከፈተ። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ እህቴ ወጣች። ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች፣ ኮቴን አሸተተች፣ ፊቷ ተለዋወጠ። የነገርኳትን የአባታችንን ታሪክ ያኔ ገና ያመነች መሰለኝ።

«እህቴ አልጠጣችም» አለች። «አባቴም ጠጥቶ አያውቅም። በሽታ ነው፣ በዘር የሚመጣ። እኔ የለብኝም፤ እሷ አለባት። ይህን ሰምቶ የሚወስደኝ ካለ ይውሰደኝ።»

ከተሰበረው ጠርሙስ የፈሰሰው ለስላሳ ምንጣፉ ላይ ይፍለቀለቃል።

«ልጁ ያውቃል?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ዛሬ ከእርስዎ ይሰማል።»

ሽማግሌ ሲመጣ ቀጠሮ የሚሰጠው የሴቷ ወገን ነው። በእኛ ቤት ግን ሊለምኑ የመጡት ራሳቸው ቀጠሮ ለመኑ። «ተማክረን ለመጪው እሁድ እንመጣለን» ብለው ወጡ። ተቆጥተው አልነበረም፤ በሩ ላይ ትልቁ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው «እግዚአብሔር ይማርሽ» አሉኝ። ከታመምኩ ወዲህ እንዲህ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸው፤ ጥዬያቸው ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ያ እሁድ አለፈ። ማንም አልመጣም። የእህቴ ስልክ አንድ ጊዜ ጠራ፤ ከትምህርት ቤቷ ነበር። አልወቀሰችኝም፤ እኔም ለምን ተናገርሽ አላልኳትም። በማግስቱ ኮቴን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ ግቢው ውስጥ ታጥብ ጀመር። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አያታለሁ፤ መጭመቁን ላግዛት አልችልም። ደጋግማ አለቀለቀችው።

ያቺ ጎረቤታችን በግቢው በር አንገቷን አስገባች። ሽማግሎቹ ፊት አረቄ ሸተተች የሚለው ወሬ ደርሷታል፤ መቼም አይቀርላትም። «ውይ፣ ይቺ ልጅ ምን ነካት? አሁንም ያው ነው እንዴ?» አለች።

እናቴ ከውስጥ ወጣች። እንደ ልማዷ አንገቷን ትደፋለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ታማብኝ ነው» አለች። «አባቷም ታሞብኝ ነበር።»

እህቴ ኮቱን ጨምቃ ሽቦው ላይ ሰቀለችው።