ዓይኑን ያወጣው ንጉሥና ዓይን አውጣው አንባቢ

እኔ ትምህርት ቤት የቆየሁት አራት ዓመት ብቻ ነው። ይህን የማነሣው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በራሴ መሆኑ እንዲታወቅልኝ ነው። ጀርመንኛን ማንም አላስተማረኝም። ፍራንክፈርት ዳር፣ ሆኽስት በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ በርሜል ስደረድር፣ በርሜሉ ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ የገባኝ ሙሉ ዐረፍተ ነገር «ከዓይን አርቁ» የሚል ነበር። ከበርሜል ወደ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣ ወደ መጽሐፍ አለፍኩ። ጡረታ ስወጣ የሥራ ጓደኞቼ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። እኔ ግን የጥንት ግሪኮችን ትራጀዲዎች አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ያውም ሦስት ሦስት ጊዜ። እነዚያን ተውኔቶች ከጀርመንኛ እያየ፣ እዚያው በዚያው በአማርኛ የሚያነብ ሐበሻ በፍራንክፈርት ከኔ ሌላ ነበረ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

የማነብላቸው ሰው ፕሮይንገስሃይም በሚባለው ሰፈር በምኖርበት ሕንጻ፣ ምድር ቤቱ ላይ የሚኖሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነበሩ። በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጡኛል። ዓይናቸው የጠፋው በወጣትነታቸው ነው፤ እዚህ አገር ስልክ አዟዟሪ ሆነው ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። አዲስ አበባ ስለተማሩ አማርኛቸው ከኔ ይጠራል፤ ይህን ግን በአደባባይ ተናግሬው አላውቅም። ጋሼ እላቸዋለሁ። ከ2005 ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ መጽሐፌን ይዤ ከሦስተኛ ፎቅ እወርዳለሁ፤ እሳቸው ሻይ አፍልተው ይጠብቁኛል።

አብልጠን የወደድነው የዚያን የንጉሡን ተውኔት ነው። አንድ አውሬ ከከተማ በር ላይ ተቀምጦ እንቆቅልሽ ይጠይቃል፤ ያልመለሰውን ይበላዋል። ሁሉም «ምን አውቅልህ» ብሎ ሲቀር፣ ከሌላ አገር የመጣ አንድ መንገደኛ ፈታው። ከተማዋም አነገሠችው።

ጋሼ እዚህ ላይ ሳቁ። «በኛ ጨዋታ እንኳ አገር የሚሰጠው እንቆቅልሹ ያቃተው ነው» አሉ።

«ያቃታትማ ከተማዋ ናት፤ ለዚህ አይደል ራሷን የሰጠችው?» አልኳቸው። በዚህ መልሴ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ይህን ንጉሥ እወደው ነበር። ማንም ሳይረዳው፣ በገዛ ጭንቅላቱ የነገሠ ሰው ነው። በኋላ ከተማዋ በመቅሠፍት ስትመታ፣ ያመጣባትን ጥፋተኛ ፈልጌ አገኛለሁ ብሎ ማለ። ጥፋተኛው ራሱ ነበር፤ ሳያውቅ አባቱን ገድሎ እናቱን አግብቷል። ይህን የነገረው አንድ ዕውር ነቢይ ነው፤ ንጉሡ ግን ሰደበው። የግሪኮች ትልቅነት የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው፤ በተውኔቱ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለም። ንጉሡን የጋረደው ያ ከተማዋን ያዳነበት ብልኅነቱ ነው። ብልኅ መሆኑን እርግጠኛ ስለሆነ ሌላ ሰው የሚያየውን ማየት አልቻለም።

መጨረሻው ላይ «ከኀፍረቱ የተነሣ ዓይኑን በገዛ እጁ አወጣ» ብዬ ስተረጉም ጋሼ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«ዓይን አውጣ ሆነ በለኛ!»

«ኧረ ጋሼ፣ አፍሮ ነው!»

«እኔስ ምን አልኩ? እኛ ዓይን አውጣ የምንለው ማፈር የተወውን ነው። እሱ ደግሞ ያወጣው ማፈር በጀመረ ለት ነው። ታዲያ የተሳሳትነው እኛ ነን ግሪኮቹ?»

ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ሰነበትኩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ገና ከበሩ ላይ ሳለሁ «ማንም አልተሳሳተም። ዓይን አውጣ የነበረው ዓይኑ እያለ ነው» አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡኝ።

በ2011 ፊደሉ ይጠፋብኝ ጀመር። መጀመሪያ አምፖሉን፣ ቀጥሎ ማተሚያ ቤቱን ወቀስኩ። ልጄ አንድ ቀን የሌላ ሰው ደብዳቤ ከሣጥኑ አውጥቼ ስከፍት አይታ፣ «አባዬ፣ አውገንአርትስት ጋ ቴርሚን ልያዝልህ?» አለችኝ፤ ቀጠሮ ማለቷ ነው። የዓይን ሐኪም የሚፈልግ ሰው ካለ አንቺ ነሽ ብዬ አሳቅኳት። በልቤ ግን አውቄዋለሁ። ማንበብ ካልቻልኩ ምንድን ነኝ? በርሜል ደርዳሪ ነኛ! ከዚያ ይልቅ ዝም ማለትን መረጥኩ።

ለማክሰኞውም ዘዴ አላጣሁም፤ ተውኔቶቹ በቃሌ ናቸው። መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ እዘረጋለሁ፣ በየጊዜው ገጽ እገልጣለሁ፣ ከጭንቅላቴ እወርደዋለሁ። እንዲህ ብዬ ሦስት ወር ዘለቅሁ። አንድ ማክሰኞ፣ ጋሼ እንደገና ይነበብልኝ ያሉት የንጉሡ ተውኔት ላይ ነበርን። ንጉሡ ነቢዩን እየተቆጣ ነው። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ስቆጣ ጋሼ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ቆይ። ዕውሩ ምን ብሎ መለሰ?»

«ዝም አለ።»

«ዱሮ ሲነበብልኝ ዝም አላለም ነበር።»

«ጋሼ፣ እኔ የተጻፈውን ነው የማነበው።»

«አታነብም» አሉኝ ረጋ ብለው። «ስታነብ ገጽ የምትገልጠው ትንፋሽ ስትወስድ ነበር። አሁን በቃል መሐል ትገልጣለህ። ዛሬ ሁለቴ አከታትለህ ገለጥክ፤ ንግግሩ ግን አልዘለለም። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ ደረጃውን ስትወርድ መዳፍህ ግድግዳውን እየዳበሰ ሲመጣ እሰማለሁ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የኔው ድምፅ ነው።» ከዚያ ሳቅ አሉና «አንተ ዓይን አውጣ! ዕውር ፊት ቁጭ ብለህ የምታነብ ታስመስላለህ?» አሉኝ።

አብሬ ብስቅ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ደሜ ግን ፈላ።

«አንተ ደግሞ ምን ታያለህ?» አልኩ።

ስድስት ዓመት ሙሉ አንቱ ያልኳቸውን ሰው አንተ አልኩ። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። ጋሼ ፊታቸውን አላጠቆሩም። ብርጭቆዬን በጣታቸው ፈልገው ወደኔ ገፋ አደረጉና «ሻይህ እንዳይቀዘቅዝ» ብቻ አሉኝ። ሳልጠጣው ወጣሁ።

ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ መዳፌን አየሁት። ግድግዳው ላይ ነበር። እዚያው ቆምኩ። ንጉሡም ነቢዩን የሰደበው በዕውርነቱ ነው፤ ያን ስድብ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔው ነኝ፤ ከንጉሡ አፍ ወስጄ ጋሼ ላይ ወረወርኩት። እነዚያ ሰዎች ከሁለት ሺሕ ዓመት በፊት አንድ ጡረተኛ በርሜል ደርዳሪ በደረጃ ላይ ምን እንደሚሰማው ማወቃቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ትራጀዲ ማለት ሰው እውነቱን በሰማበትና ባመነበት መካከል ያለው ጊዜ ነው። ይህን ከማንም መጽሐፍ አልወሰድኩትም፤ የራሴ ነው። ንጉሡ ለማመን ምስክር ጠራ፣ እረኛ አስመጣ፣ ሚስቱን አጣ። እኔ ከሁለተኛ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ያለው አሥራ ስምንት ደረጃ በቅቶኛል። ቤቴ እንደገባሁ ልጄ ጋ ደውዬ «ያንን ቴርሚን ያዢልኝ» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ምድር ቤት ወርጄ በሩን አንኳኳሁ። ኮቴዬን ለይተው ሲያበቁ «ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ትናንት ላጠፋሁት ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን አጠፋህ? አንተ ስትለኝ እኮ አሥር ዓመት ቀነስክልኝ። ግባ!»

ሐኪሙ የቀኝ ዓይኔን በመሣሪያው አይቶ ቆየ። ውስጡ ግፊት አለ፣ ከዚህ ዓይን የጠፋው ብርሃን አይመለስም አለኝ። ግራው ሊከተለው ነበር፤ ጠብታው ግን ያቆየዋል፣ ሞራውም ይገፈፋል። ማን ጠቆመህ ብሎ ሲጠይቀኝ «ጎረቤቴ፤ ዕውር ናቸው» አልኩት። መጻፉን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ።

ሞራው ከግራ ዓይኔ ተገፎ ማንበብ በተፈቀደልኝ ማክሰኞ፣ ያቋረጥንበትን ቦታ ገለጥኩ። ፊደሉ ጥቁርና ጥርት ያለ ነበር። እዚያ ላይ ነቢዩ ዝም አላለም። ረጅም፣ ከንጉሡ ንግግር ይልቅ የሚከብድ መልስ አለው፤ ሦስት ጊዜ ያነበብኩት መልስ ነው። ጭንቅላቴ የንጉሡን ቃል አንድም ሳያጎድል ጠብቆ፣ የዕውሩን ሙሉ በሙሉ ጥሎታል። በማስታወስ ችሎታዬ ከማንም ጋር እወዳደር ነበር፤ ያን ቀን ግን ለማን እንዳደላ አየሁት።

ለጋሼ አልደበቅኋቸውም። «ያን ጊዜ ዕውሩን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«እንግዲያውስ ይናገራ!» አሉ ወንበራቸው ላይ እየተመቻቹ።

አነበብኩላቸው። አንዱን ዓረፍተ ነገር ከሌላው ሳላጣድፍ፣ ለእያንዳንዱ የጀርመንኛ ቃል ተገቢውን አማርኛ እየፈለግሁ። አንድ ቦታ የተሻለ ቃል ሰጡኝ፤ የኔን ትቼ የሳቸውን ወሰድኩ። የንግግሩ ግርማ ስለያዘኝ ገጹ ሲያልቅ ትንፋሽ ወስጄ መግለጡን ረሳሁ።

«ግለጥ እንጂ» አሉኝ ጋሼ።