ከዘንጉ የወረደው ጣሳ

ብሥራት የብራና ሐኪም ነው። አይጥ የበላውን፣ ውኃ የነካውን መጽሐፍ ከጣና ዳር አብያተ ክርስቲያናት ይቀበልና ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ቁጭ ብሎ በመርፌና በጅማት ይጠግናል። ለብራና ያለውን ትዕግሥት ለእናቱ ቢያደርገው ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። እንዲህ ስል ጥፋቱን ወደ እሱ እየገፋሁ መሆኔን አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ተክለ ጊዮርጊስ ነኝ፤ በባሕር ዳርና በዘጌ መካከል ሰው የማመላልስ ጀልባ ነጂ። ከብሥራት ጋር ዘጌ ውስጥ ጎረቤት ሆነን ነው ያደግነው።

እናቱ እትዬ ፀሐይወርቅ ጠላ ሻጭ ነበሩ። ባላቸው መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ልጆቹ ሳይጠነክሩ ስላረፉ፣ ብሥራትንና እኅቱን ማህሌትን ያሳደጉት በጠላ ጋን ነው። ደጃቸው ላይ ረጅም ዘንግ ቆሞ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል፤ ጠላ አለ ማለት ነው። ከጀልባ የወረደ ሁሉ ያንን አይቶ ይገባል። እትዬ ፀሐይወርቅ ታዲያ ሳይቀምሱ ለማንም አይሰጡም። መዳፋቸው ላይ ጠብ ያደርጉና ፉት ብለው፣ "ያቀረበ ይቀምሳል" እያሉ ይቀዳሉ። ጠጪው ቄስ ቢሆን፣ እንደኔ ያለ ቀልቃላም ቢሆን እንዲሁ ነው።

ብሥራት ቅኔ ቤት ገብቶ፣ በኋላም ደመወዝተኛ ሲሆን ጣሳው ያሳፍረው ጀመር። "የማን ልጅ ነህ?" ሲሉት "የመሪጌታ መርስዔ ኀዘን" ይላል። እውነት ነው፤ ግማሹ። ሲያገባ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ለሠርጉ ወደ ዘጌ ሊሻገሩ ሆነ። በዋዜማው እናቱን "እማ፣ እባክሽ ያን ጣሳ አውርጅው" አላቸው። አወረዱት። ሠርጉ አለፈ፤ ጣሳው ግን አልተመለሰም። ሰው ሲጠይቃቸው "ንፋስ ወሰደው" ይላሉ። ደንበኛው ቤቱን ያውቀዋልና መምጣቱን አልተወም። ብሥራት ግን ከዚያ ወዲህ እናቱ ቤት በመጣ ቁጥር ያንን ባዶ ዘንግ በዓይኑ ይሸሻል። ይቅርታ ለመጠየቅ ስድስት ዓመት ሙሉ አንደበቱ አልፈታ አለው።

ባለፈው ዓመት ስለ ብራና ጥገና እንዲማር ለሦስት ሳምንት እንግሊዝ አገር ጠሩት፤ ሄደ። በሁለተኛው እሑድ አብሮት የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ወደ ገጠር ወስዶ የመንደሩን መጠጥ ቤት አሳየው። ይህን የማውቀው በስልኬ ከላከልኝ ቪዲዮ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ አግዳሚው እንጨት በእርጅና የጠቆረ ቤት ነው። እሳቱ አጠገብ ውሻ ተጋድሟል፤ ማንም አያባርረውም። የመንደሩ ቄስ ሳይቀሩ ብርጭቋቸውን ይዘው ከገበሬዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። እኛ ጣሳ በምንሰቅልበት ቦታ እነሱ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ሰቅለዋል። የቤቱ ባለቤት የሸበቱ ሴት ናቸው፤ ስማቸው ከበሩ በላይ በትልልቁ ተጽፏል።

ብሥራት ስልኩን ወደ ራሱ አዞረ።

"እማ፣ ጠላ ቤት ገባሁልሽ። የእኒህን ሴትዮ ስም በር ላይ ጽፈውላቸዋል። እኔ ያንችን ጣሳ አስወረድሁ። አፈርሁብሽ፣ እማ። ይቅር በይኝ። ስመጣ በእጄ እሰቅለዋለሁ። ተክሌ፣ እባክህ ዛሬውኑ ተሻግረህ አሳያት።"

ቪዲዮው ሲደርሰኝ መሻገር አላስፈለገኝም፤ ዘጌ ነበርኩ። እትዬ ፀሐይወርቅን ቀብረን እየተመለስን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት "ራሴን" አሉ፤ ቀትር ሳይደርስ አረፉ።

ሽማግሌዎቹ "በሰው አገር ማን ይደግፈዋል? ሲመለስ መርዶውን ይረዳል" ብለው ወስነዋል። ደግ ልማድ ነው፤ ሰው ብቻውን እንዳያለቅስ ነው። ማህሌትም ከሐዘኗ ቀና ብላ "ተክሌ፣ አደራ" አለችኝ። ስለዚህ ዝም ማለት ግዴታዬ ነበር። መዋሸት ግን ማንም አላዘዘኝም።

ከሰዓት በኋላ ደወለ።

"አሳየሃት?"

"አሳየኋቸው" አልኩ።

"ምን አለች?"

"መረቁህ" ብዬ ብተወው ምን ነበረበት? የኔ ምላስ ግን መቆሚያ የላትም። "ሳቁ። 'እኔ ድሮ ረስቸዋለሁ፤ ጣሳውን ሲሰቅል የመጀመሪያውን ዋንጫ እሱ ይጠጣል በለው' አሉ" አልኩት። ሲያለቅስ ሰማሁት፤ የደስታ ለቅሶ ነበር። ለጊዜው መልካም የሠራሁ መሰለኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው እያደር ከበደ።

ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሰ። ባሕር ዳር ማህሌት ቤት አደረ፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ገብተው አረዱት። እንዴት እንደሆነ አልጽፈውም። ረፋዱ ላይ ሁሉንም በጀልባዬ ሳሻግር ትከሻዬን ይዞ፣ ሁሉም እየሰማ፣ "እንኳን ሰምታኝ ሞተች! ተክሌ ባይኖር ምን እሆን ነበር?" አለ። ሽማግሌዎቹ "እግዜር ይስጥህ" አሉኝ። ማህሌት ብቻ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ውኃውን አየች። ሞተሩን አጥፍቼ መናገር ነበረብኝ። ፍጥነት ጨመርኩ።

ቤት እንደደረስን ብሥራት እያለቀሰ የእናቱን ሣጥን ከፈተ። ጣሳው በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ንፋስ አልወሰደውም። አውጥቶ ዘንጉ ጫፍ ላይ ደፋው። ከዚያ ማህሌትን "ቅጅልኝ፤ የመጀመሪያውን እኔ እንድጠጣው ብላኛለች" አላት። እናቱ ለመምጫው ጠንስሰውለት የነበረ አንድ ጋን ጠላ ነበር፤ ማህሌት ለለቅሰኛ ሳታወጣ አቆይታዋለች። ልጅ ሳለ አይሰጡትም፤ ካደገ ወዲህ ስላፈረበት በሕይወቱ የእናቱን ጠላ ቀምሶ አያውቅም።

ዋንጫውን ወደ አፉ ሲያነሳ፣ የንስሐ አባታቸው ቄስ ዓምደ ሚካኤል የተዝካሩን ቀን በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር።

"ቅዳሜ ስላረፉ አርባቸው ረቡዕ ይውላል" አሉ።

ብሥራት ሳይቀምስ ዋንጫውን ከአፉ መለሰ። "የትኛው ቅዳሜ፣ አባ?"

"የዛሬ አሥራ አንድ ቀን፣ እሑድ አይደል የቀበርናቸው፣ ልጄ? በዋዜማው ነዋ።"

ያ እሑድ እሱ ከዚያ መጠጥ ቤት ይቅርታ የጠየቀበት እሑድ ነው። ወደ እኔ ዞረ።

"ተክሌ፣ ያን ቃል ማን ተናገረው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እንዳይከፋህ ብየ ነው።"

ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ በወደድኩ። ዋንጫውን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

"ያቀረበ ይቀምሳል" አለ። "አንተ ነህ ያቀረብህልኝ። ቅመሰው።"

ሽማግሌዎቹ እያዩ ጠጣሁት። ጠላው ጥሩ ነበር፤ የእትዬ ፀሐይወርቅ እጅ ነዋ። ባዶውን ዋንጫ ስመልስለት አልተቀበለኝም፤ መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

ብሥራት ዛሬም በኔ ጀልባ ይሻገራል፤ ሰላምታም አይነፍገኝም። ስለ እናቱ ግን አንድም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ወደ ዘጌ ስንቃረብ ጣሳው ከሩቅ ይታያል። እሱ ትክ ብሎ ያየዋል፤ በዓይኔ የምሸሸው አሁን እኔ ነኝ።